«ቤፈርማዪድ» ሲሉኝ ልግባ ወይስ ልመለስ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ፋርስኛን ገና በመማር ላይ ካሉ አንባብያን የተላኩ ናቸው፤ ጸሐፊዎቹ ሳይተዋወቁ ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ግብዣ ነው። የፋርስኛውን ቃል በራሳችን ፊደል ስጽፍ ግዕዙን ሆሄ ለአጭሩ ድምፅ፣ ራብዑን ደግሞ ለረጅሙ «ኣ» አውዬዋለሁ። ረጅሙ «ኣ» በቴህራን ሰው አፍ ወደ «ኦ» እንደሚያደላ አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ጥያቄ፦ ለትምህርት ወደ ቴህራን ከመጣሁ አምስት ወር ሊሞላኝ ነው። የገበያና የመንገድ ንግግር አሁን ብዙም አያስቸግረኝም፤ የሚያስቸግረኝ ግብዣ ነው። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት እናት ይኖራሉ። አንድ ቀን ከባድ የአትክልት ከረጢት ይዘው ደረጃውን ሲወጡ አገኘኋቸውና ተቀብዬ እስከ በራቸው አደረስኩላቸው። በሩን ከፍተው «ቤፈርማዪድ ቱ» አሉኝ። «ወደ ውስጥ ይግቡ» ማለት መሆኑን ከመጽሐፌ ስለማውቅ አመስግኜ ገባሁ። እሳቸው ግን ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ቆመው ሰዓታቸውን ያዩ ነበር፤ ለካ የልጅ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ቸኩለው ኖሯል። እንዲያም ሆኖ ሻይ አፍልተው አጠጡኝ፤ እኔም በኀፍረት አፌ እየተቃጠለ ጨርሼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ተጠንቅቄ ሳለሁ፣ ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ አገኙኝና «አርብ ምሳ እኛ ጋ ይምጡ» አሉኝ። ይህም ለወጉ ያህል የተባለ መስሎኝ «አይ፣ አላስቸግርዎትም» ብዬ አለፍኩ፤ ፊታቸው ላይ ቅሬታ አየሁ። የእውነቱን ግብዣ ከይሉኝታው በምን ልለየው? እኔስ እሳቸውን ሻይ ለመጋበዝ ምን ልበል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ በመጀመሪያው ቀን መግባትዎም፣ በሁለተኛው ቀን መቅረትዎም የመጣው ከአንድ ምክንያት ነው። የሰሙትን ቃል ከነትርጉሙ ያውቁታል፤ ከቃሉ በኋላ የሚከተለውን ምልልስ ግን መጽሐፍዎ አላስተማረዎትም። በፋርስኛ ግብዣ አንድ ሰው ተናግሮ የሚያበቃበት ዓረፍተ ነገር ሳይሆን ሁለት ሰዎች እየተቀባበሉ የሚጨርሱት ንግግር ነው። ስለዚህም ጀማሪ ከመጋበዝ በፊት በወጉ እምቢ ማለትን ይማር ባይ ነኝ።

መጀመሪያ «ቤፈርማዪድ» የሚለውን ቃል እንመልከት። የወጣው «ፈርሙደን» ከሚለው ግሥ ሲሆን፣ የግሡ መሠረታዊ ትርጉም «ማዘዝ» ነው። ቤፈርማዪድ ያለዎት ሰው እንግዲህ በቃሉ «ይዘዙ» ማለቱ ነው። የሚታዘዘው ነገር ምን እንደሆነ የሚነግርዎት ቃሉ ሳይሆን የተናጋሪው እጅና ቦታው ነው፦ ሳህን ሲያቀርብልዎ «ይውሰዱ»፣ ወንበር ሲያሳይዎ «ይቀመጡ»፣ በር ላይ ሲገናኙ «ይቅደሙ»፣ ስልክ ሲያነሣ «አቤት፣ ይናገሩ»፣ ገንዘብ ሲሰጥዎ «ይኸው» ይሆናል። መጽሐፉ «ይግቡ» ብሎ የተረጎመው ከእነዚህ አንዱን ነጥሎ ነው። በእኛው ቋንቋ «እንብላ» የሚለውን ያስቡት፤ እየበላ ያለ ሰው ለደረሰበት ሁሉ ይለዋል፣ የተባለው ሰውም ወንበር ስቦ መቅረብ ግዴታ እንደሌለበት ያውቃል፣ ማንም ግን «ዋሽተኸኛል» አይለውም።

ይህ የመስጠትና የመመለስ ወግ በፋርስኛ «ተዓሮፍ» ይባላል። ቃሉ ከዐረብኛ የገባ ሲሆን ከመተዋወቅ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ አስተማሪዎች «ሦስት ጊዜ እምቢ በል፣ በአራተኛው ተቀበል» ይላሉ። እኔ ግን ቁጥር መቁጠርን አልመክርም፤ የሚቆጥር ሰው መስማት ይተዋልና። ከቁጥሩ ይልቅ ግብዣው ቀንና ማዕድ ተቆርጦለት እንደሆነ ያዳምጡ። በር ላይ፣ ዕቃ በእጅ ይዞ፣ ወይም በመኪና ወደ ቤትዎ ያደረሱትን ሰው ሲሰናበቱ የሚባል «ቤፈርማዪድ» ቀንም ሰዓትም የለውም፤ የሚጠበቀውም መልስ ምስጋና ነው። ጎረቤትዎ በሁለተኛው ቀን የተናገሩት ግን «ጆምዔ ናሃር» ነው፤ አርብ የዕረፍት ቀን ነው፣ ናሃርም ምሳ ነው። ቀኑን የቆረጠ ሰው ሩዙን ለመዘፍዘፍ አስቦበታል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ጋባዡ «ቢ ተዓሮፍ» ካለ «ያለ ይሉኝታ» ማለቱ ነው፤ «ጄዲ ሚገም» ካለ «የምሬን ነው የምልዎ»፣ «ሞንተዜሬቱነም» ካለ ደግሞ «እጠብቅዎታለሁ» ማለቱ ነው። እነዚህን ከሰሙ በኋላ መግደርደር ጨዋነት መሆኑ ይቀራል።

አሁን ወደ እምቢታው ልምጣ፤ የእርስዎ ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነውና። እርስዎ የተጠቀሙበት «ሞዛሄም ኔሚሸም» ማለትም «አላስቸግርም» የሚለው አባባል በሩን የሚዘጋ እምቢታ ነው። ለመጀመሪያው ቀን ልክ እሱ ነበር የሚያስፈልግዎት፤ ፈገግ ብለው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው «ሜርሲ፣ ሞዛሄም ኔሚሸም» ቢሉ ሴትዮዋ በእፎይታ ይሰናበቱዎት ነበር። (ሜርሲ ከፈረንሳይኛ የገባ ነው፤ ኢራን ውስጥ ግን እንደ አገሩ ቃል በየቤቱ ይሰማል።) ለሁለተኛው ቀን ግን በሩን ገርበብ አድርጎ የሚተው እምቢታ ነበር የሚያሻው፤ እሱም «ዘህመቴቱን ሚሼ» ነው፤ «ይደክማሉ፣ ችግር ይሆንብዎታል» እንደ ማለት ነው። በዚህ አባባል እምቢ ያለ ሰው የሚያነሣው የራሱን አለመፈለግ ሳይሆን የጋባዡን ድካም ስለሆነ፣ ጋባዡ «ቼ ዘህመቲ!» ማለትም «ምን ድካም አለው!» ብሎ እንደገና ለመጋበዝ መንገድ ያገኛል። ንግግሩ እንዲህ ይሄድ ነበር፦

— ጆምዔ ናሃር ቢያዪድ ኹኔዬ ማ። (አርብ ለምሳ ቤታችን ይምጡ።)
— ኼይሊ ሎትፍ ዳሪድ፣ ዘህመቴቱን ሚሼ። (እጅግ ደግ ነዎት፤ ይደክማሉ።)
— ቼ ዘህመቲ! ኹኔዬ ኾዴቱኔ። (ምን ድካም አለው! የራስዎ ቤት ነው።)
— ቸሽም፣ ኼድመት ሚሬሰም። (እሺ፣ እደርሳለሁ።)

አራት መስመር ብቻ ነው፤ ግን ሁለቱም ወገን የሚገባውን አድርጓል። «ቸሽም» በቀጥታ «ዐይን» ማለት ሲሆን ለትልቅ ሰው ቃል «እሺ» የሚባልበት ቃል ነው። «ኼድመት ሚሬሰም» ደግሞ «ለአገልግሎትዎ እደርሳለሁ» ማለት ነው። በፋርስኛ ትሕትና ራስን ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ የሚያደርጉ ጥንድ ግሦች እንዳሉ ልብ ይበሉ፦ እርስዎ ሲሄዱ «ኼድመት» ይደርሳሉ፣ እሳቸው ሲመጡ ግን «ተሽሪፍ» ይዘው ይመጣሉ፤ ተሽሪፍ ክብር ነው። ጀማሪ ሁለቱን አዛብቶ ስለ ራሱ «ተሽሪፍ ይዤ እመጣለሁ» ቢል ሰሚው ሳቁን ለመያዝ ይቸገራል።

የተቀየሙትን እናት እንዴት ልካስ ካሉኝ፣ ከጣፋጭ ቤት ትንሽ የ«ሺሪኒ» ካርቶን ይዘው ይውጡ። ሲቀበሉዎት «ቼራ ዘህመት ኬሺዲድ?» ማለትም «ለምን ደከሙ?» ማለታቸው አይቀርም፤ «ጋቤሌቱኖ ነዳሬ»፣ «ለእርስዎ የሚመጥን እንኳ አይደለም» ብለው ይመልሱ። ወዲያው ግብዣዎን ያስከትሉ፦ «ፈርዳ ዐስር ተሽሪፍ ቢያሪድ ፓዪን፣ ዬ ቻዪ ደር ኼድመቴቱን ባሺም።» ነገ ከሰዓት በኋላ ወደ ታች ይምጡልን፣ አንድ ሻይ ልናገለግልዎት ማለት ነው። ዐስር የሚባለው ቀኑ ወደ ማምሻው ሲያዘነብል ያለው ጊዜ ሲሆን፣ እኛ አስር ሰዓት ከምንለው ጋር መገጣጠሙ ቃሉ እንዳይረሳን ያደርገዋል። እሳቸውም በፈንታቸው «ዘህመቴቱን ሚሼ» ይላሉና በዚያ ተስፋ አይቁረጡ፤ አንድ ጊዜ ጠይቆ የተወ ሰው አልጋበዘም።

በመጨረሻ ስለ ማዕረጉ። ለልጅና ለቅርብ ጓደኛ «ቢያ» ይባላል፤ ፋርስኛ የፆታ ልዩነት ስለሌለው ይህ አንድ ቃል «ና»ም «ነይ»ም ነው፤ «ቶ» የሚለው ተውላጠ ስምም እንዲሁ አንተና አንቺን ያጠቃልላል። ለማያውቁት ወይም ለሚያከብሩት ሰው «ሾማ» እና «ቢያዪድ» ይሆናል። «ተሽሪፍ ቢያሪድ» ከዚያም ከፍ ያለ ነው። ለጎረቤትዎ «ቢያዪድ» ቢሉ ስሕተት የለበትም፤ «ተሽሪፍ» ቢሉ ግን እሳቸው አምስት ወር ብቻ የተማረ ሰው መሆንዎን ይረሳሉ። ጓደኛዎን በዚያው ቃል ቢጠሩት ግን የተኮሳተሩበት ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ በመማሪያ መጽሐፌ «ቤ ኻኔዬ ማ ቢያዪድ» ተብሎ ተጽፏል። የማነጋግራቸው ኢራናውያን ግን «ቢያይን ኹኔዬ ማ» ይላሉ። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ ሁለቱንም ይያዙ፤ አንዱን ለእጅ፣ ሌላውን ለአፍ። የመጽሐፉ የጽሑፍ ፋርስኛ ነው። በንግግር ግን «ን» ወይም «ም» የሚከተለው ረጅሙ «ኣ» ብዙ ጊዜ ወደ «ኡ» ይለወጣል፤ ኻኔ ኹኔ፣ ናን (ዳቦ) ኑን፣ ሜህማን (እንግዳ) ሜህሙን ይሆናል። የቃል ቅደም ተከተሉም ይለያል። ፋርስኛ እንደ አማርኛ ግሥን መጨረሻ ላይ የሚያደርግ ቋንቋ ስለሆነ የመጽሐፉ ዓረፍተ ነገር ለእኛ ጆሮ ይስማማል፤ በንግግር ግን የሚኬድበት ቦታ ከግሡ ኋላ ይመጣል፣ «ቤ» የሚለው መስተዋድድም ይወድቃል። «ኹኔዬ ማ» ውስጥ ያለችው «ዬ» ደግሞ የእኛን «የ» ሥራ ትሠራለች፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጦ «ቤት የእኛ» ይሆናል። በቃል ሲጋብዙ የመጽሐፉን ቢጠቀሙ ማንም አይቀየምዎትም፤ ዜና የሚያነቡ መምሰልዎ ግን አይቀርም።

ጥያቄ፦ አብረውኝ የሚሠሩ ኢራናውያን ቅዳሜና እሑድን ወደ ተራራ ሄደው ሲመለሱ «ጃቱን ኻሊ» አሉኝ። መዝገበ ቃላት ስመለከት «ቦታዎ ባዶ ነበር» ይላል። ሳይጠሩኝ ሄደው ለምን ቀረህ ብለው መውቀሳቸው ነው? በሌላ ቀን ደግሞ አንድ ባለ ሱቅ ሒሳብ ስጠይቀው «ጋቤሊ ነዳሬ» ብሎኝ ግራ ገብቶኝ ቆሜ ቀረሁ።

መልስ፦ አልወቀሱዎትም። «ጃቱን ኻሊ» ደስ ያለ ነገር ያየ ሰው ላልነበረው ሰው የሚለው የመልካም ምኞት ቃል ነው፤ «ብትኖርልን ኖሮ» እንደ ማለት። መልሱም የተዘጋጀ ነው፦ «ዱስታን ቤ ጃዬ ማ»፣ «ወዳጆች በእኛ ቦታ ነበሩ»። ፋርስኛን እንድወድ ያደረጉኝ እንዲህ ያሉ ጥንድ አባባሎች ናቸው። አንድ ሰው ግብዣ አልችልም ብሎ «ሸርመንዴ» ማለትም «አፈርኩ» ሲልዎ፣ «ዶሽመኔቱን ሸርመንዴ»፣ «ጠላትዎ ይፈር» ይሉታል። በማዕድ ላይ ጀርባውን ለሰጠዎት ሰው፣ እሱ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ «ጎል ፖሽቶ ሩ ነዳሬ»፣ «አበባ ፊትና ጀርባ የለውም» ይሉታል። ሁለተኛውን የአባባሉን ግማሽ የሚያውቅ ጀማሪ፣ መቶ ግሥ ከሚያረባ ጀማሪ ይልቅ ቶሎ ይወደዳል።

የባለ ሱቁን ነገር በተመለከተ ግን የራሴን ጉድ ልንገርዎ። ገና ጀማሪ ሳለሁ ሰንገክ ወደሚጋገርበት ዳቦ ቤት ሄድኩ፤ ሰንገክ በጋለ ጠጠር ላይ የሚጋገር ረጅም ዳቦ ነው፣ ስሙም «ሰንግ» ከሚለው የድንጋይ መጠሪያ የመጣ ነው። ዳቦውን ተቀብዬ፣ የተጣበቁበትን ጠጠሮች አንድ በአንድ እያራገፍኩ ዋጋውን ብጠይቅ፣ ጋጋሪው «ሜህሙኔ ማ ባሺድ» አለኝ፤ የእኛ እንግዳ ይሁኑ። እኔም ልቤ ተነክቶ፣ የማውቀውን የምስጋና ቃል ሁሉ ደርድሬ፣ ዳቦዬን አቅፌ ወጣሁ። መንገዱን ሳልሻገር አንድ ዱቄት የለበሰ ልጅ ሮጦ ደረሰብኝና አንገቱን ደፍቶ፣ ከእኔ ይበልጥ እያፈረ፣ ሒሳቡን ጠየቀኝ። በኋላ ነገሩን የሰማ አንድ ወዳጄ ከሳቀ በኋላ አንድ አባባል አስተማረኝ፦ «ተዓሮፍ ኣመድ ነያመድ ዳሬ»። ይሉኝታ መምጣትም አለመምጣትም አለው፤ ለወጉ ያህል የጋበዝከው ሰው እሺ ሊልህ ይችላልና ተጠንቀቅ ማለት ነው። ያን ቀን ጋጋሪው ተምሯል፤ እኔም።

ስለዚህ በሱቅና በታክሲ «ጋቤሊ ነዳሬ» ማለትም «የሚመጥንዎት እንኳ አይደለም» ሲባሉ «ኻሄሽ ሚኮነም» ማለትም «እባክዎ» ብለው ገንዘቡን እንደገና ይዘርጉ፤ አንዳንድ ጊዜ ሁለቴ ማለት ያስፈልግ ይሆናል፣ ከዚያ ዋጋው ይነገርዎታል። ይህ ውሸት ነው ብለው እንዳይበሳጩ። ኢራናውያን ራሳቸው ከልብ ያልሆነውን ግብዣ የሚተርቡበት ስም አላቸው፦ «ተዓሮፌ ሻህ ዐብዶልዐዚሚ»። ሻህ ዐብዶልዐዚም ከቴህራን በስተ ደቡብ በሬይ የሚገኝ የታወቀ መካነ መቃብር ነው፤ በ1888 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከቴህራን እስከዚያ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ ስለነበር ሰው ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለስ ነበር። የዚያ ሰፈር ሰው፣ እንግዳው ወደ ከተማው ለመመለስ እንደቸኮለ እያወቀ፣ «እደሩልን» ይል ነበር ይባላል።

ጥያቄ፦ በኖውሩዝ ሰሞን ፋርስኛ የሚያስተምሩኝን አረጋዊ ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ፤ ግን አልጋበዙኝም። እስኪጋብዙኝ ልጠብቅ? ከሄድኩስ በኋላ መቼና እንዴት ልውጣ?

መልስ፦ አይጠብቁ። ኖውሩዝ የኢራናውያን አዲስ ዓመት ሲሆን መጋቢት 11 ወይም 12 ቀን አካባቢ ይውላል፤ ከዚያ እስከ 13ኛው ቀን ድረስ ያለው ጊዜ «ዲዶ ባዝዲድ» የሚባለው የመጠያየቅ ወቅት ነው። ታናሽ ታላቁን አስቀድሞ ይጠይቃል፣ ታላቁም በፈንታው ጉብኝቱን ይመልሳል። አረጋዊው እርስዎን መጋበዝ አይጠበቅባቸውም፤ እርስዎ ነዎት ስልክ ደውለው «ኼድመት ሚሬሰም» የሚሉት፤ ከመደወልዎ በፊት ግን ሰዓቱ የምሳ ወይም የእራት እንዳይሆን ያስቡበት፣ ምክንያቱም በማዕድ ሰዓት የመጣን እንግዳ ሳያበሉ መስደድ ለእሳቸው ነውር ነው።

ሻዩ ይቀርባል፣ ፍራፍሬውና ለውዙ ይከተላል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ «ቤፈርማዪድ» ይባላሉ፣ አንዴ ተግደርድረው ይቀበላሉ፤ ሲቀምሱ «ኑሼ ጃን» ይሉዎታል፣ ለነፍስ ይስማማ እንደ ማለት። ለአስተናጋጇ «ደስቴቱን ደርድ ነኮኔ» ይበሉ፤ ቃል በቃሉ «እጅዎ አይመምዎ» ነው፣ ለእኛ «እጅዎ ይባረክ» ማለት ነው። የኖውሩዝ ጉብኝት አጭር ነው፤ ተከታዩ እንግዳ ደወሉን ሲጫን ቀዳሚው ለመነሣት ይዘጋጃል።

ለመነሣት ሲፈልጉ «ዘህመቶ ከም ኮኒም» ይበሉ፤ «ድካሙን እንቀንስልዎ» ማለት ነው። እሳቸው «ሃላ ተሽሪፍ ዳሽቲድ» ይላሉ፤ «ምነው፣ ቆየት አይሉም?» እንደ ማለት። አይቀመጡ። ይህ የስንብቱ መጀመሪያ ነው። አመስግነው ወደ በሩ ይሂዱ፣ እሳቸውም ይከተሉዎታል፣ ጫማዎን እያደረጉ ሳለ አንድ ጊዜ እንደገና «ቤፈርማዪድ» ይሉዎታል፤ «ሞዛሄም ኔሚሸም» የሚለው አባባል ትክክለኛ ቦታው እዚያ ነው።